አፍ ሙሉ ውኃ

ሰሌዳዋ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ተመለሰች።

አካሉ መሰላል ላይ ቆሞ ለአንድ ፀጉር አስተካካይ ታፔላ ይጽፍ ነበር። የታፔላ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ቢያዝን ሻያቸውን ይዘው ከታች ቆሙና፣

«የእነ ወለላ ሠራተኛ ይኽችን አምጥታልሃለች» አሉት፤ ትንሿን ጥቁር ሰሌዳ ከግድግዳው እያስደገፉ።

«ምን አለች?»

«ስጡት አለች።»

«ሌላስ?»

«ሌላም ነገር ብላ ነበር መሰል፤ ረሳሁት። ቁም ነገር ቢሆን እኔ መች እረሳ ነበር!»

የአካሉ ብሩሽ አየር ላይ ቀረ። ከጫፉ አንዲት ቀይ ጠብታ ወርዳ ከጋሽ ቢያዝን ጫማ አጠገብ ፍርጥ አለች። እሳቸው ወደ ላይ ቢያዩ የልጁ ፊት አመድ መስሏል።

ያችን ሰሌዳ ጣውላዋን ልጎ፣ ጥቁር ቀለም ደራርቦ ቀብቶ የሠራት አካሉ ራሱ ነው። የሠራትም ለአደይ ነው፤ ለስምንት ዓመቷ፣ የሁለተኛ ክፍል ተማሪዋ አደይ። ሰሌዳዋ እዚያ ቤት እስካለች ድረስ አካሉም ወደዚያ ቤት የሚሄድበት ምክንያት ነበረው። ከተመለሰች ግን በሩ ተዘጋ ማለት ነው። በሩ ሲዘጋ ደግሞ ከበሩ ኋላ የምትቀረው አደይ ብቻ አይደለችም።

ነገሩ የተጀመረው ለአብዮት በዓል መፈክር ሲጻፍ ነው። አካሉ በቀይ ጨርቅ ላይ ነጭ ፊደል ሲደረድር፣ ከድሬዳዋ ተዛውረው መጥተው በፋብሪካ የክፍል ኃላፊ የነበሩት አቶ አምባቸው ከኋላው ቆመው አዩት። ሥራውን እስኪጨርስ አልተናገሩም። ከዚያ፣

«ትምህርትህ እስከ ስንት ነው?» አሉት።

«ስድስተኛ ነው ጌታዬ። ከዚያ በፊት ደቅ ደሴት ላይ ከአባቴ ዘንድ ፊደል ቈጥሬያለሁ።»

«ጌታዬ አትበል፤ ዘመኑ አይደለም። ትንሿን ልጄን የቃል ጽሕፈት ገድሏታል። መምህሩ ቃል ሲጠራ ግማሹን ፊደል ትውጠዋለች። ከሥራ በኋላ እየመጣህ ታለማምድልኛለህ?»

አካሉ «እሺ» ያለ መሰለው። ድምፁ ግን አልወጣም። አቶ አምባቸው ራሱን ሲነቀንቅ አይተው ተስማማ ብለው ሄዱ።

የልጆቹ እናት አደይን ወልዳ በዓመቷ ስላረፈች፣ ቤቱን የያዘችው ታላቂቱ ልጅ ወለላ ናት። በረንዳው ላይ አደይ መሐል ትቀመጣለች። ወለላ በወዲህ በኩል መጽሐፉን ይዛ ቃል ትጠራለች፤ አካሉ በወዲያ በኩል የልጅቱን እጅ ይከተላል።

«ጀልባ» ትላለች ወለላ።

አካሉ ለሰው አንገቱን ቀና አድርጎ መናገር የማይሆንለት ልጅ ነበር። በዚያ ላይ ሌላ ጭንቀት አለበት። የአሠሪው ልጅ ናትና «አንቺ» ማለት ድፍረት መሰለው፤ በዕድሜ እኩያው ናትና «እርስዎ» ማለት ደግሞ ራሷን ያስቃታል። ስለዚህ ጨርሶ ምንም አይላትም። የሚፈልገውን ሁሉ በአደይ በኩል ይልካል።

«እኅትሽ ትድገመው በያት።»

«ወለላዬ፣ ድገሚው አለሽ።»

«ሰምቻለሁ፤ አጠገቤ እኮ ነው ያለው» ትልና ወለላ ከመጽሐፉ በላይ ታየዋለች። «ጀል-ባ።»

በጋውን ሙሉ ሁለቱ የተነጋገሩት በዚህ ዓይነት ነበር፤ ጀልባ፣ ዝናብ፣ መስኮት፣ ደመና። አካሉ ማታ ወደ ኪራይ ቤቱ ሲመለስ ቃላቱን በልቡ ይዟቸው ይሄዳል። መስኮት የሚለውን ቃል ስንት ሰው ጠርቶት ይሆናል፤ እንደ እሷ አድርጎ የጠራው ግን የለም።

አደይን ያስተማራት አባቱ መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት እሱን ባስተማሩበት መንገድ ነው። ደቅ ላይ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ተማሪ የተኛ ተማሪ ነው። ሁሉም በየራሱ ድምፅ ይጮኻል፤ ፊደሉም በዜማ ይቈጠራል። አደይ ይህን ስታገኝ ዓይኗ በራ። «መስኮት» ሲሏት እጇን እያጨበጨበች፣ «መ! ሰ፣ ሱ፣ ሲ፣ ሳ፣ ሴ፣ ስ... ስ! ከ፣ ኩ፣ ኪ፣ ካ፣ ኬ፣ ክ፣ ኮ... ኮ! ተ፣ ቱ፣ ቲ፣ ታ፣ ቴ፣ ት... ት!» ትልና ያገኘችውን ፊደል እንደ ያዘችው ዓሣ ሰሌዳው ላይ ታሳርፈዋለች። የምትውጠው ፊደል ጠፋ። አቶ አምባቸውም ደስ አላቸው፤ «ልጄ ‹ጻፍኩ› ማለቷን ትታ እንደ ደቅ ሰው ‹ጻፍሁ› ትለኝ ጀመር እንጂ!» እያሉ ያሾፉ ነበር።

በግንቦት ግን የክፍል ፈተና መጣ። መምህሩ ቃሉን ሲጠራ ክፍሉ ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ መሐል አደይ እያጨበጨበች ዜማዋን ለቀቀችው። እንዲህ ካልሆነ ፊደሉ አይመጣላትማ! ክፍሉ ሁሉ ከአፏ እየለቀመ ጻፈ። በዚያ ቀን ከእሷ በቀር ዜሮ ያገኘ ልጅ አልነበረም።

ያን ምሽት አቶ አምባቸው በረንዳው ላይ ተንቈራጠጡ።

«መምህሩ ምን አለኝ መሰለህ? ‹ጓድ አምባቸው፣ ቤትዎ ውስጥ የቄስ ትምህርት ቤት ከፍተዋል እንዴ?› በሰው ፊት! ነገ በውይይት ክበብ ላይ ‹ድጓ የሚዘመረው በማን ቤት ነው?› ሲሉኝ ምን ልመልስ? ሁለተኛ እዚህ ቤት እንዳትዘምር! በሰኔው ፈተና ዜሮ ካገኘች ክፍል ትደግማለች፤ ያን ጊዜ ያንተና የእኛ ነገር እዚህ ላይ ያበቃል።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ አካሉ። ከራሱ በቀር የሰማው የለም። ቀና ሲል ወለላ ጥግ ላይ ቆማ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። በእኔ ምክንያት አለቀሰች ብሎ አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

በማግሥቱ፣ ማክሰኞ፣ ሰሌዳዋ ተመለሰች።

ሳምንቱን አካሉ ወደዚያ ቤት ድርሽ አላለም።

«አንተ ድሮም ዝምተኛ ነህ» አሉት ጋሽ ቢያዝን፤ «አሁን ግን ባሰብህ። የምትጽፈው ታፔላ እንኳ ካንተ የበለጠ ይናገራል።»

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ የታፔላ ቤቱ በራፍ ጨለም አለ። ወለላ የአደይን እጅ ይዛ ቆማለች። አካሉ የያዘውን የቀለም ቆርቆሮ የት እንደሚያስቀምጥ ጠፋው።

«ደረቀች?» አለች ወለላ።

አካሉ ወደ አደይ ዞረ። «ምኗ በያት?»

«ሰሌዳዋ ናታ!» አለች አደይ። «ቀለሟ ተልጦ ነጣ። በምራቄ ስለማጠፋት ነው። አዲስ ቀለም ይቀባልን ብለን ነው የላክናት!»

ሁሉም ወደ ጋሽ ቢያዝን ዞሩ። ጋሽ ቢያዝን ሻያቸውን ቁልቁል እያዩ፣

«እሷን ነበር የረሳሁት» አሉ።

አካሉ ቆርቆሮውን አስቀመጠ። «እኔ እኮ... አደይ፣ ያን ምሽት እኅትሽ ስታለቅስ አየሁ፤ ተቀይማኝ ነው ብዬ ነው በያት።»

«ማን? እኔ ሳለቅስ?» ወለላ አደይ እስክታስተላልፍ አልጠበቀችም። «ሣቄን ማፈን አቅቶኝ ነው እንጂ! ክፍሉ ሁሉ አሥር ከአሥር ሲያገኝ፣ የእኛዋ ዘፍና ዜሮ!» ይህን ስትል ያ ሣቅ እንደገና መጣባት፤ እንደዚያን ምሽት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ትከሻዋም ተንቀጠቀጠ። አካሉ አሁን በደንብ አየው። ሳምንት ሙሉ ያቃጠለው ነገር ሣቅ ኖሯል። የሚያደርገው ቢያጣ ሰሌዳዋን አንሥቶ መቀባት ጀመረ፤ ብሩሹ እንደዚያ ቀን ቀሎት አያውቅም።

ቤት ውስጥ ዜማ ስለተከለከለ ልምምዱ ወደ ሐይቁ ዳር ሄደ። ከሾላው ሥር፣ ደንገሉ ነፋስ ሲመታው በሚንሿሿበት ቦታ፣ ወለላ ከትምህርት ቤት መልስ አደይን ይዛ ትመጣለች፤ አካሉም ቀለሙን ታጥቦ ይደርሳል። የደመናው ወራት ስለገባ ሐይቁ አመድማ ሆኗል። የደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ዓሣ አጥማጆች ባለፉ ቁጥር አደይ እጇን ታውለበልብላቸዋለች።

ችግሩ ግልጽ ነበር። አደይ ካልዘመረች ፊደሉ አይመጣላትም፤ ከዘመረች ዜሮ ታገኛለች።

«በሆድሽ ዘምሪው» አላት አካሉ።

«ሆዴ አፍ የለውም።»

አካሉ ብዙ አሰበ። ከዚያ ከቤት ከመጣው የመጠጥ ውኃ በኩባያ ቀዳና ሰጣት። «ጎርሺው፤ አትዋጪው። አሁን እኅትሽ ቃል ትጥራ።»

«ደመና» አለች ወለላ።

አደይ ጉንጯ ተነፍቶ ዓይኗ ፈጠጠ። ዜማው ሊወጣ ሲል ውኃው ከለከለው። እጇ ጉልበቷ ላይ ቀስ ብሎ መታ፤ ጉሮሮዋ ብቻ ከፍ ዝቅ አለ። ከዚያ «ደ» ጻፈች፤ «መ» ጻፈች... እዚህ ላይ ሣቋ መጣና ውኃውን ሁሉ አካሉ ፊት ላይ ነፋችው።

ወለላ ጮኻ ሣቀች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አንሥታ ወደ እሱ ዘረጋች፤ ፊቱን ሳትነካው መልሳ ሰበሰበችው። «ራስህ ጥረገው» ብላ ሰጠችው። አካሉ ነጠላውን ፊቱ ላይ አድርጎ ከሚገባው በላይ ቆየ።

በየቀኑ እንዲህ ሆነ። መጀመሪያ ውኃው ይረጫል፤ በኋላ በኋላ አልረጭ አለ። አደይ ጉሮሮዋን እያንቀሳቀሰች፣ ጉንጯን እንደ እንቁራሪት ነፍታ፣ «መስኮት»ንም «ዝናብ»ንም ያለ አንዲት ድምፅ ታወርደው ጀመር። ፈተናው ዓርብ ነው። ሐሙስ ማታ፣ መጽሐፉ ላይ ያሉትን ቃላት ሁሉ ከጨረሰች በኋላ ውኃዋን ውጣ አካሉ ላይ አፈጠጠች።

«ጋሼ አካሉ፣ አንተስ ሆድህ ውስጥ ምን ትዘምራለህ?»

«እኔ? ምንም።»

«ውሸትህን ነው። ጉሮሮህ ይንቀሳቀሳል እኮ፤ ወለላዬን ስታያት።»

አካሉ የሚገባበት ጠፋው። ወለላ፣ «ሂጂ ጠጠር ወርውሪ፣ አንቺ ለፍላፊ» ብላ ልጅቱን ወደ ውኃው ዳር ሰደደቻት። እሷ ግን አልሣቀችም። ዛሬ ከመጣች ጀምሮ አልሣቀችም።

«እሑድ አባባ መልስ ይሰጣል» አለች።

አካሉ ሣር እየነጨ፣ «ለማን?» አለ።

«አቃቂ የሚሠራ ጓደኛ አለው። ለልጁ ጠይቆኛል። ልጁ የሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ነውር የለውም።» ድምፅዋ ቃል ስትጠራ እንደምታሰማው ያለ ነበር፤ ጥርት ያለ፣ ያልተቸኰለ። «አባባ ክፉ ሰው አይደለም። ጠርቶ ጠየቀኝ። ‹ልቤ ውስጥ ሌላ ሰው አለ የምትዪ ከሆነ፣ የጠየቀሽ ሰው ካለ፣ ንገሪኝ› አለኝ።»

«ታዲያ... ምን ተባለ?»

«የለም አልኩት። ምን ልበል? ምንም ያለኝ ሰው የለም።»

ይህን ብላ ዝም አለች። ያ ዝምታ ለእሱ የተተወ ቦታ ነበር፤ አካሉም ዐውቆታል። ቃሉ ጉሮሮው ላይ ደርሷል። ግን የኪራይ ቤቱን፣ በቀለም የተበላሸ ሸሚዙን፣ ስድስተኛ ክፍሉን አሰበ። አቶ አምባቸው በፋብሪካው መኪና ሲሄዱ ታዩት። አባቱ «ቃል ከአፍ ከወጣች ወደ ቤቷ አትመለስም» የሚሉት ታወሰው። ሣሩን ነጨ፤ ነጨ።

ወለላ ተነሥታ ነጠላዋን አራገፈች። «አደይ፣ እንሂድ። ሊዘንብ ነው።» ሲሄዱ አንድ ጊዜ እንኳ ዞራ አላየችውም። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ሐይቁን ሲበሱት አካሉ ከሾላው ሥር ቁጭ እንዳለ ነበር፤ መዘግየቱን እያወቀ መነሣት ያቃተው ሰው ሆኖ።

ዓርብ ጋሽ ቢያዝን ብሩሹን ከእጁ ነጠቁት።

«ከጠዋት ጀምሮ ‹ዳቦ›ን ትጽፋለህ፤ ዳቦው ሻገተ እኮ። ሂድ ከልጅቱ ትምህርት ቤት። ታፔላ የትም አይሸሽህም።»

ከትምህርት ቤቱ በር ሲደርስ ወለላ ቀድማው ቆማለች። ሰላምታ በአንገት ብቻ ሰጠችው፤ ዓይኗ ከእንቅልፍ የተጣላ ዓይን ነበር። ጎን ለጎን ቆሙ፤ መሐላቸው የአደይ ቦታ ባዶ ነበር።

ደወል ተደወለ። ልጆች እየተጋፉ ወጡ። በመጨረሻ አደይ መጣች፤ ወረቀቷን ከጭንቅላቷ በላይ አውለብልባ፣ ጉንጯን እስከ ዓይኗ ነፍታ።

«አደይ! ምን ሆነሽ?» ጮኸች ወለላ።

አደይ እጇን አነሣች፤ ቆይ ማለቷ ነው። በሩን አልፋ ከግራሩ ሥር ስትደርስ አጎንብሳ የያዘችውን ውኃ ሁሉ ተፋችው።

«ዘጠኝ ከአሥር!» አለች ስታለከልክ። «ከቧንቧው ጎርሼ ገባሁ። መምህሩ ስም ሲጠራ እጄን አወጣሁ። ‹ምላስሽን ድመት በላው?› አለኝ፤ ዝም! ልጆቹ ‹ዝፈኝ እንጂ› እያሉ በእርሳስ ወጉኝ፤ ዝም! እነሱ ሁሉ ወደቁ።»

ወለላ ተንበርክካ አቀፈቻት። የልጅቱን ፀጉር ስትስም ዕንባዋ ወረደ፤ አሁንስ ዕንባ ነበር፤ አካሉ በዚህ አልተሳሳተም። ወረቀቱን ተቀብሎ አየው። ፊደሎቹ ቁመታቸው የእሱን ፊደል ይመስላሉ። ከዛሬ ወዲያ እዚያ በረንዳ ላይ የሚያስቀምጠው ሥራ አልቋል። ያሰበውን አግኝቶ ሁሉንም ያጣ መሰለው።

በሐይቁ ዳር መንገድ ወደ ቤት ሄዱ፤ አደይ መሐላቸው ሆና የሁለቱንም እጅ ይዛ። ከሾላው ሲደርሱ አደይ ቆመች።

«ጋሼ አካሉ፣ እኔ ተፍቻለሁ። አሁን ያንተ ተራ ነው።»

«ምኑን ልትፋው?»

«የጎረስኸውን።»

ወለላ ዓይኗን ወደ ሐይቁ መለሰች። ነፋሱ ደንገሉን ያንሿሿዋል። አካሉ እንደ ልማዱ ወደ ልጅቱ ጎንበስ አለ።

«አደይ... እኅትሽን...»

«አልልም!» አደይ ሁለቱንም እጆች ለቃ ወደ ኋላ አፈገፈገች። «ራስህ በላት!»

በመሐላቸው ማንም አልቀረም። አካሉ ቀና አለ። በጋውን ሙሉ ሲሸሻት የኖረችው ቃል አሁን የመጀመሪያዋ ሆነችበት።

«አንቺ...» አለ።

ወለላ ዞረች።

«ወለላ፣ አንቺን... እወድሻለሁ።»

ድምፁን ነፋሱ ወሰደው። ወለላ ነጠላዋን ጨብጣ፣ «አልሰማሁም» አለች። ሰምታ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አልተናገረችም።

አካሉ ዓይኑን ጨፈነ። አባቱ ደቅ ላይ ‹ከሆድህ አውጣው!› እያሉ ሲያስጮኹት የነበረው ያ ድምፅ፣ ከተማ ከገባ ወዲህ ያልተጠቀመበት ድምፅ፣ ከየት እንደሆነ ሳያውቀው መጣ።

«እወድሻለሁ ወለላ! መስኮት ካልሽበት ቀን ጀምሮ እወድሻለሁ!»

ከሾላው ላይ ወፎች ተነሡ። ከሐይቁ ላይ ታንኳውን የሚቀዝፍ አንድ ዓሣ አጥማጅ መቅዘፊያውን አቁሞ፣

«እኛ ሰምተናል!» ብሎ ጮኸ።

አደይ እየሣቀች ሣሩ ላይ ተንከባለለች። ወለላ ግን አልሣቀችም። አካሉ ሲያያት ከንፈሯ ግጥም ብሎ ተዘግቷል፤ ጉሮሮዋ ግን ከፍ ዝቅ ይላል፤ ልክ እንደ አደይ፣ ፊደሉ እስኪመጣላት በሆዷ እንደምትቈጥረው። እንዲህ ያለውን ጉሮሮ አካሉ መጠበቅ ያውቅበታል። ሳያጣድፋት ጠበቃት።

«የደቅ ጀልባ መቼ ናት?» አለች በመጨረሻ።

«ነገ ጠዋት ትሄዳለች። እሑድ ረፋዱ ላይ ትመለሳለች።»

«መሪጌታ ከሽማግሌዎች ጋር እሑድ ይደርሱልኛል?»

«በታንኳም ቢሆን ቀዝፌ አመጣቸዋለሁ።»

«አባባ ‹የጠየቀሽ ሰው ካለ› ነው ያለኝ። ዛሬ ማታ ‹አለ› እለዋለሁ። ይቈጣ ይሆናል፤ ግን ቃሉን አይበላም።» ከዚያ አንገቷን ደፋች፤ በዚያች ሰዓት ዓይን አፋሩ እሷ ሆነች። ስትናገርም ከድሬዳዋ ያመጣችውን አነጋገር ትታ በእሱ አገር አነጋገር፣ ቀስ ብላ፣ «በጋውን ሙሉ ስጠብቅህ ከረምሁ» አለችው።

አካሉ ከዚያ ሁሉ የቃል ጽሕፈት ውስጥ ይህን የመሰለ ቃል አልሰማም። በደንብ የሰማ ስላልመሰለው እንደ ልማዱ ወደ አደይ ሊዞር ሲል ተወው። ዓይኖቿን እያየ፣ በራሱ አፍ፣

«ድገሚው» አላት።

ደገመችለት።